ክንፍ የሚያወዛውዘው አጎት

ሰው በሞተ ጊዜ ሥራው ይቆጠራል። የሹሙ ሹመት፣ የነጋዴው ሀብት፣ የወታደሩ ጀብዱ እየተነሣ ይወሳል። በአውሮፓ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2022 በአሜሪካን አገር፣ በዩታ ግዛት፣ ፕሮቮ በምትባለው ከተማ ያረፉት የአየር ኃይል ጡረተኛ ኮሎኔል ጌይል ሀልቮርሰን ግን የሚታወሱት በሌላ ነገር ነው። እኚህ ሰው የ101 ዓመት አዛውንት ነበሩ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዓቶችን በአየር ላይ አሳልፈዋል፤ ትልቅ የአይሮፕላን ጣቢያ አዝዘዋል፤ አምስት ልጆች አሳድገው ሃያ አራት የልጅ ልጆች አይተዋል። ነገር ግን ስማቸው በተነሣ ቍጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚነገረው የሁለት ፍሬ ማስቲካ ታሪክ ነው።

ሁለት ፍሬ ማስቲካ የአንድን ሰው ሕይወት እንዴት እንደ ለወጠ፣ ከዚያም አልፎ የአንድን ከተማ ሕዝብ ልብ እንዴት እንደ ማረከ ለአንባቢዎቻችን እንተርካለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውሳለን።

ዓይናቸው ከሰማይ ላይ

ጌይል ሀልቮርሰን የተወለዱት ኦክቶበር 10 ቀን 1920 በዩታ ግዛት በሶልት ሌክ ሲቲ ከተማ ነው። ያደጉት ግን በገጠር፣ በአይዳሆና በዩታ በሚገኙ አነስተኛ እርሻዎች ላይ ነው። ቤተ ሰባቸው ስኳር የሚወጣበትን የሥር ተክል ያመርት ነበርና ልጁም እንደ ማንኛውም የገበሬ ልጅ ጎንበስ ብሎ ሲያርምና ሲኮተኩት ይውል ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ እርሻ በላይ አይሮፕላን ባለፈ ቍጥር እጁ ከአረሙ ላይ ይቀርና ዓይኑ ወደ ሰማይ ይሄድ ነበር።

አባትና እናት ልጃቸውን አብራሪ ለማድረግ የሚያስችል ገንዘብ አልነበራቸውም። በዚያን ጊዜ ግን የአሜሪካን መንግሥት ለወጣቶች የበረራ ትምህርት የሚሰጥበት ደንብ አውጥቶ ነበርና ሀልቮርሰን በዚህ ዕድል ተጠቅመው በ1941 የአብራሪነት ፈቃድ አገኙ። በማግሥቱ ዓመት አገራቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስለ ነበረች በጦር ሠራዊቱ የአየር ክፍል ተመዘገቡ። ከእንግሊዝ አየር ኃይል ሠልጣኞች ጋር ሆነውም የተዋጊ አይሮፕላን አነዳድ ተማሩ።

ወጣት ሁሉ እንደሚመኘው ከትምህርት በኋላ ወደ ግንባር የሚላኩ መስሏቸው ነበር። ዕጣቸው ግን ሌላ ሆነ። ዕቃ በሚያጓጕዙ አይሮፕላኖች ላይ ተመደቡና የጦርነቱን ዘመን በደቡብ አትላንቲክ በኩል ጭነት ሲያመላልሱ አሳለፉ። ተዋጊ ሆኖ ለመሰለፍ ተምሮ ጭነት አመላላሽ መሆን ለአንድ ወጣት መኮንን የሚያኮራ ነገር አልነበረም። የማይወዱት ምድብ የደረሳቸው ወጣት ሠራተኞች ይህን ስሜት ሳያውቁት አይቀሩም። ሆኖም እኚህን ሰው ለዝና ያበቃቸው ይኸው የጭነት ሥራ ነው።

የተከበበችው ከተማ

ጦርነቱ በ1945 ካበቃ በኋላ ድል አድራጊዎቹ መንግሥታት ጀርመንን በአራት ክፍል ተካፈሏት። ዋና ከተማዋ በርሊንም እንደዚሁ ለአራት ተከፈለች። ነገር ግን በርሊን የምትገኘው ሶቪዬት ሩሲያ በያዘችው ክፍል መካከል ስለ ሆነ፣ አሜሪካን፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ የያዙት የከተማዋ ምዕራባዊ ክፍል በዙሪያው በሩሲያ ሠራዊት እንደ ተከበበ ደሴት ነበር።

በጁን ወር 1948 ሦስቱ መንግሥታት በያዙት ክፍል አዲስ ገንዘብ አወጡ። ሩሲያም በዚህ ተቆጥታ ጁን 24 ቀን ወደ ምዕራብ በርሊን የሚያስገባውን የመኪና መንገድ፣ የባቡር ሐዲድና የውሃ መንገድ ሁሉ ዘጋች። ከሁለት ሚሊዮን በላይ የሆነ ሕዝብ ያለ እህል፣ ያለ መድኃኒትና ያለ ከሰል ቀረ። ክፍት ሆኖ የቀረው በ1945 በተደረገው ስምምነት የተፈቀደው የአየር መንገድ ብቻ ነበር።

ስለዚህ አሜሪካኖችና እንግሊዞች ከተማዋን በአይሮፕላን ለመቀለብ ቈረጡ። ይህን ውሳኔ ብዙ ሰዎች እንደ እብደት ቈጥረውት ነበር፤ ምክንያቱም ሕዝቡን ለማኖር በቀን ቢያንስ 4,500 ቶን፣ በእኛ ልክ 45,000 ኩንታል ያህል ማድረስ ያስፈልግ ነበር። በጊዜው ትልቅ ይባል የነበረው ባለ አራት ሞተር አይሮፕላን የሚሸከመው 100 ኩንታል ያህል ነው። ከሚጫነውም አብዛኛው እህል ሳይሆን የድንጋይ ከሰል ነበር፤ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚገኘው፣ ቤትም የሚሞቀው በከሰል ነበርና።

በዚህ ጊዜ ሀልቮርሰን የ27 ዓመት ወጣት የመቶ አለቃ ነበሩ። በጁላይ ወር ከአሜሪካን ተነሥተው በፍራንክፈርት አጠገብ ወደሚገኘው የራይን ማይን ጣቢያ መጡና ከዚያ ወደ በርሊን ዱቄት ማመላለስ ጀመሩ። ሥራውን በደስታ ተቀበሉት ማለት ግን አይቻልም። ጀርመን የትናንት ጠላት ነበረች። ጓደኞቻቸው በዚያ ጦርነት አልቀዋል። አሁን ደግሞ በጠላት ዋና ከተማ ላይ በቦምብ ፈንታ እንጀራ እንዲያወርዱ ታዘዙ። በመጀመሪያው በረራቸው በርሊን ላይ ደርሰው ወደ ታች ቢመለከቱ፣ ጣራ የሌለው ግድግዳና የድንጋይ ክምር ብቻ አዩ። አይሮፕላኑም ቆሞ በሩ ሲከፈት ጭነቱን ሊያወርዱ የገቡት ጀርመኖች የዱቄቱን ከረጢት እንደ ብርቅ ነገር ሲመለከቱ ባዩ ጊዜ፣ በልባቸው የነበረው ቂም መላላት እንደ ጀመረ ኋላ ራሳቸው ተናግረዋል።

በሽቦው አጥር ዳር

ጁላይ 17 ቀን 1948 የዕረፍት ጊዜ ነበራቸው። ከተማዋን በመሬት ላይ ሆነው ለማየት ስለ ፈለጉ በጓደኛቸው አይሮፕላን ተሳፍረው የሲኒማ ማንሻ ካሜራቸውን ይዘው ወደ በርሊን ቴምፕልሆፍ ጣቢያ መጡ። በመንደርደሪያው ጫፍ ቆመው አይሮፕላኖቹ ሲያርፉ ፎቶግራፍ በማንሣት ላይ ሳሉ፣ ከሽቦው አጥር ባሻገር ሠላሳ የሚያህሉ ልጆች ተሰብስበው ሲመለከቱ አዩ።

ሀልቮርሰን ወደ አጥሩ ቀረቡ። ከልጆቹ ጥቂቶቹ እንግሊዝኛ ይሞክሩ ነበርና ጨዋታ ተጀመረ። ልጆቹ የጠየቋቸው አይሮፕላን ስንት ከረጢት ዱቄት እንደሚጭን፣ በቀን ስንት አይሮፕላን እንደሚመጣ ነበር። ከዚያም የአየሩ ጠባይ ቢከፋና መብረር ባይቻል ስለ እነርሱ እንዳይጨነቁ፣ ጥቂት ምግብ አግኝተው መኖር እንደሚችሉ፣ ነጻነታቸው ከሄደ ግን ተመልሶ እንደማይመጣ ነገሯቸው። ይህን የሚናገሩት ከስምንት እስከ አሥራ አራት ዓመት የሚሆናቸው ልጆች ናቸው!

የመቶ አለቃው ሰዓታቸውን አይተው ሊሄዱ ሲሉ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። በሄዱበት አገር ሁሉ ልጆች የአሜሪካን ወታደር ባዩ ቍጥር ከረሜላ እንዲሰጣቸው እየጮኹ ይከተሉት ነበር። እነዚህ ልጆች ግን አንድ ሰዓት ያህል ቆመው ሲነጋገሩ ማንም እጁን አልዘረጋም። ለወራት ጣፋጭ ነገር ያልቀመሱ ልጆች ናቸው፤ ግን ለነጻነታቸው ዱቄት የሚያመጣላቸውን ሰው ከዚያ በላይ መለመን ነውር ሆኖ ታያቸው።

ሀልቮርሰን እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። ያገኙት ሁለት ፍሬ ማስቲካ ብቻ ነበር። ለሠላሳ ልጅ ሁለት ማስቲካ! ልጆቹ እርስ በርስ ይጣላሉ ብለው ቢፈሩም እያንዳንዱን ለሁለት ሰብረው በሽቦው ቀዳዳ አሳለፉላቸው። የሆነውን ነገር ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲተርኩት ኖሩ። አራቱ ልጆች ቍራጩን ተቀበሉ። ሌሎቹ አልተሻሙም። መጠቅለያውን ወረቀት ብቻ እንዲሰጧቸው ጠየቁና በቀጭን በቀጭኑ ቀድደው ተካፈሉት፤ ከዚያም እያንዳንዱ የደረሰውን ወረቀት ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ዓይኑን ጨፍኖ አሸተተ። የእኛ አገር ሰው ፍቅር ካለ አንድ የነብር ቆዳ ለአምስት ይበቃል ይላል፤ በርሊን ውስጥ ደግሞ የማስቲካ መጠቅለያ ለሠላሳ ልጆች በቃ።

በዚያች ደቂቃ ከአፋቸው አንድ ቃል ወጣ። በነጋታው ተመልሰው በአይሮፕላን ሲያልፉ ለሁሉም የሚበቃ ጣፋጭ እንደሚጥሉላቸውና እኩል እንዲካፈሉት ነገሯቸው። ነገር ግን በየሦስት ደቂቃው አንድ አይሮፕላን በሚያርፍበት ጣቢያ የእሳቸው የትኛው እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? ይህንንም ልጆቹ ራሳቸው ጠየቋቸው። ሀልቮርሰንም እንደ ደረሱ የአይሮፕላኑን ክንፍ ግራና ቀኝ እንደሚያወዛውዙ ነገሯቸው። የአብራሪነት ፈቃድ ባገኙ ጊዜ አባትና እናታቸውን ከሰማይ የተሳለሙት በዚህ ዓይነት ነበር።

ያለ ፈቃድ የተጣለ መሐረብ

ቃል የእምነት ዕዳ ነው። የመቶ አለቃው ወደ ጣቢያቸው ተመልሰው የራሳቸውን የከረሜላና የቸኮላት ድርሻ አወጡ፤ ረዳት አብራሪያቸውና መሐንዲሳቸውም የየራሳቸውን ጨመሩ። ቸኮላቱ ከከፍታ ሲወረወር ክብደቱ ልጆቹን እንዳይጎዳ ከሦስት መሐረብና ከክር ትናንሽ ጃንጥላዎች ተሠሩ። በነጋታው ቴምፕልሆፍ ላይ ሲደርሱ ክንፉን አወዛወዙ፤ ልጆቹም እንደ እብድ ዘለሉ፤ ሦስቱ ጃንጥላዎችም ከአብራሪው ወንበር በስተኋላ በሚገኘው የመብራት መጣያ ቀዳዳ በኩል ተገፉ። ጭነታቸውን አራግፈው እንደገና ሲነሡ በአጥሩ ዳር ሦስት መሐረቦች ሲውለበለቡ፣ ልጆቹም አፋቸው እያላመጠ ሲያጨበጭቡ አዩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከአለቃ የተገኘ ፈቃድ አልነበረም። ከጦር አይሮፕላን ላይ ያለ ትእዛዝ ዕቃ መጣል በጦር ፍርድ ቤት ሊያስጠይቅ እንደሚችል ሦስቱም ያውቁ ነበር። ሆኖም በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ይህንኑ ቀጠሉ። የልጆቹ ቍጥር በየጊዜው ይበዛ ጀመር። አንድ ቀን ሀልቮርሰን ቴምፕልሆፍ ወደሚገኘው የበረራ ጽሕፈት ቤት ቢገቡ በጠረጴዛ ላይ የደብዳቤ ክምር አገኙ። ስማቸውን የሚያውቅ ልጅ ስላልነበረ አድራሻው ለክንፍ አወዛዋዡ አጎት ወይም ለቸኮላቱ አጎት ተብሎ የተጻፈ ነበር። በዚህ ደነገጡና ከጓደኞቻቸው ጋር ነገሩን ለማቆም ተስማሙ። ግን የልጆቹን ዓይን እያዩ ከጭንቅላታቸው በላይ ባዶ እጅ ማለፍ አላስቻላቸውም። እንደገና ጣሉ።

ምስጢርም ተደብቆ አይቀርም። አንድ ቀን ሀልቮርሰን በርረው ሲመለሱ አንድ መኮንን ጠብቆ አለቃቸው ኮሎኔል እንደሚፈልጓቸው ነገራቸው። ኮሎኔሉ በርሊን ውስጥ ምን እንደሚያደርጉ ጠየቋቸው። ሀልቮርሰንም ከመብረር በቀር ሌላ ሥራ እንደሌላቸው መለሱ። በዚህ ጊዜ ኮሎኔሉ ጋዜጣ አውጥተው አሳዩዋቸው። ከሰማይ የወረደ ቸኮላት የአንድ ጋዜጠኛን ራስ ለጥቂት ስቶት ነበርና ጋዜጠኛው ወሬውን ከአይሮፕላኑ ቍጥር ጋር ጽፎ በዓለም በትኖታል። አለቃቸውን ይበልጥ ያስቆጣቸውም ነገር፣ የበረራው ሁሉ የበላይ የሆኑት ጄኔራል ዊልያም ተነር ስልክ ደውለው ስለ ሥራው ምስጋና ሲያቀርቡ እሳቸው ስለ ጉዳዩ አንዳች የሚያውቁት አለመኖሩ ነበር። በጽሕፈት ቤት ሥራ ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን የእኚህን ኮሎኔል ሁኔታ በቀላሉ ይረዱታል። በመጨረሻም የተሰጠው ትእዛዝ በሥራው እንዲቀጥሉ፣ ነገር ግን ከእንግዲህ ወዲያ ለአለቃቸው እንዲያስታውቁ የሚል ሆነ።

ካርታ የላከው ልጅና ነጫጭ ዶሮዎች

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ጎርፍ ሆነ። ሌሎች አብራሪዎች መሐረባቸውንና የከረሜላ ድርሻቸውን ሰጡ። ከሴፕቴምበር ወር 1948 ጀምሮም ሥራው በመንግሥት ታውቆ የራሱ ስም ወጣለት። በአሜሪካን አገር የከረሜላ ፋብሪካዎች በቶን የሚቆጠር ጣፋጭ በነጻ ሰጡ። ማሳቹሴትስ ውስጥ ቺኮፒ በምትባል ከተማ ተማሪዎች በአንድ አሮጌ የእሳት አደጋ ጣቢያ ተሰብስበው ጃንጥላ ይሠሩ፣ ከረሜላ ያስሩ ነበር።

ከበርሊን ልጆች የሚመጣውም ደብዳቤ ይህን ያህል አይባልም። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በተጣለው ጃንጥላ ሊደርስበት አልቻለምና በራሱ እጅ የተሠራ ጃንጥላና የሠፈሩን ካርታ ላከ። የውሃውን መንገድ ተከትለው እስከ ሁለተኛው ድልድይ እንዲሄዱ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ እንዲታጠፉ፣ በቦምብ በፈረሰው ቤት ጓሮ በየቀኑ ከቀትር በኋላ በሁለት ሰዓት እንደሚጠብቃቸው ጻፈ። ሀልቮርሰን ቢሞክሩም ቤቱን ሊያገኙት አልቻሉም። ልጁ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፈ። አብራሪ ሆነው ሳለ፣ ካርታም ተሰጥቷቸው ሳለ ቤቱን ካላገኙት ጦርነቱን በምን ጥበብ እንዳሸነፉ ጠየቃቸው። ሀልቮርሰን በዚህ በጣም ስቀው አንድ ትልቅ ቸኮላት ጠቅልለው በፖስታ ላኩለት።

አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ደግሞ የጻፈችው ስለ ዶሮዎቿ ነበር። አይሮፕላኖቹ ዝቅ ብለው ሲያልፉ ዶሮዎቹ ጭልፊት የመጣባቸው እየመሰላቸው ይደነግጣሉ፤ እንቍላል መጣልም ትተዋል። ሆኖም ክንፍ አወዛዋዡ አጎት ነጫጭ ዶሮዎች ያሉበትን ግቢ ካየ እዚያ ቢጥልላት ዶሮዎቹ ቢደነግጡም ግድ እንደሌላት አስታወቀች። ነጫጮቹ ዶሮዎች ከአየር ሊታዩ አልቻሉም። ስለዚህ ኅዳር ወር ላይ ሀልቮርሰን ማስቲካና ከረሜላ ከአንድ ደብዳቤ ጋር በፖስታ ላኩላት። ይህችን ልጅ አንባቢ አይርሳት፤ ወደ እርሷ እንመለሳለን።

ሩሲያ በሜይ 12 ቀን 1949 መንገዱን ከፈተች። በረራው እስከዚያ ዓመት ሴፕቴምበር መጨረሻ ድረስ ሲቀጥል ወደ 277,000 በሚደርስ ጉዞ 2,300,000 ቶን የሚያህል ጭነት በርሊን ገብቷል። ዋጋውም ቀላል አልነበረም፤ በዚህ ሥራ ላይ 101 ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም መካከል 39ኙ እንግሊዞች፣ 31ዱ አሜሪካኖች ነበሩ። ከጭነቱ ሁሉ ውስጥ በጃንጥላ የወረደው ጣፋጭ 23 ቶን ያህል ነው።

ባልና አባት

ሀልቮርሰን በጃንዋሪ ወር 1949 ሥራውን ለሌላ መኮንን አስረክበው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት በርሊን ሳሉ በደብዳቤ ይገናኟት የነበረችውን አልታ ጆሊን አገቡ። ከወይዘሮ አልታ ጋር አምስት ልጆች ወለዱ። ወታደር ባል ያላት ሴት ኑሮ ሁልጊዜ ዕቃ መጠቅለልና መፍታት ነው፤ ቤተ ሰቡ ኮሎኔሉ ወደ ተመደቡበት ሁሉ እየተከተለ ይኖር ነበር። እሳቸውም ወደ ትምህርት ቤት ተመልሰው በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የአይሮፕላን መሐንዲስነት ትምህርት ፈጸሙ፤ ኋላም በአየር ኃይሉ የጠፈር ምርምር ክፍል ሠሩ።

በ1970 የአየር ኃይሉ ወደ በርሊን መለሳቸው። በዚህ ጊዜ ግን የመጡት እንደ ጭነት አመላላሽ ሳይሆን የቴምፕልሆፍ ጣቢያ አዛዥ ሆነው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ቀድሞ ከአጥሩ ባሻገር የነበሩት ልጆች አሁን ባልና ሚስት፣ አባትና እናት ሆነዋል። ከእነርሱም መካከል አንዲት ሴት ኮሎኔሉንና ባለቤታቸውን እራት እንዲበሉ በተደጋጋሚ ትጋብዛቸው ነበር። የአዛዥ ሥራ ፋታ ስለማይሰጥ ግብዣው ሲዘገይ ቆይቶ በ1972 ሄዱ። በቤቱ ተቀምጠው ሳሉ ሴትዮዋ ተነሥታ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ አንድ ደብዳቤ አውጥታ ሰጠቻቸው። የተጻፈው በኅዳር 1948 ነበር፤ ፊርማው የራሳቸው ነበር። ባለ ነጫጭ ዶሮዎቹ ልጅ እርሷ ነበረች።

ከረሜላው በዚያን ጊዜ አልቆ ነበር፤ ደብዳቤው ግን ለሃያ አራት ዓመት ተቀምጧል። በልጅነቷ አባቷ በጦርነቱ ጠፍቶባት ነበርና፣ ከማታውቀው አገር አንድ ሰው ስለ እርሷ አስቦ መጻፉ ከጣፋጩ ሁሉ የበለጠባት መሆኑን ስትናገር ኖራለች። ከዚያች ማታ ጀምሮ ሁለቱ ቤተ ሰቦች እንደ ዘመድ ሆኑ፤ ኮሎኔሉ በርሊን በመጡ ቍጥር ወደ ቤቷ ሳይገቡ አይመለሱም ነበር።

ከጡረታ በኋላ

ኮሎኔል ሀልቮርሰን በ1974 በጡረታ ተሰናበቱ። በዚያው ዓመት የጀርመን መንግሥት ከፍተኛ ኒሻን ሸለማቸው። ጡረታ ለብዙ ሰው የዕረፍት ወንበር ነው፤ ለእሳቸው ግን የሁለተኛው ሥራ መጀመሪያ ሆነ። ከ1976 እስከ 1986 በትውልድ ግዛታቸው በዩታ በሚገኘው የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎችን ኑሮ የሚከታተለው ክፍል ረዳት ኃላፊ ሆነው ሠሩ። ከወይዘሮ አልታ ጋርም ለሃይማኖታቸው አገልግሎት በለንደን፣ ኋላም በሩሲያ በሴንት ፒተርስበርግ ኖሩ። በ1948 በርሊንን ከከበበው መንግሥት ሕዝብ ጋር በአንድ ከተማ ውሃ ቀድተው፣ እንጀራ ገዝተው መኖራቸው ቂም የማያውቁ ሰው እንደ ነበሩ ያስረዳል።

ወይዘሮ አልታ ከሃምሳ ዓመት ያህል ትዳር በኋላ በ1999 አረፉ። ኮሎኔሉም ኋላ በወጣትነታቸው የሚያውቋቸውን ወይዘሮ ሎሬን ፔስን አግብተው አብረው ኖሩ።

ከረሜላውም አልቀረም። በ1994 ቦስንያ በጦርነት ውስጥ ሳለች የ73 ዓመቱ አዛውንት አየር ኃይሉን አስፈቅደው በዚያ ላሉ ልጆች ጣፋጭ ጣሉ። በ2002 የክረምት ኦሊምፒክ በሶልት ሌክ ሲቲ በተደረገ ጊዜ የጀርመን ስፖርተኞች ሲገቡ የአገራቸውን ስም የተጻፈበትን ሰሌዳ ተሸክመው ፊት ፊት የሄዱት እሳቸው ነበሩ። በርሊን ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት በ2013 በስማቸው ተሰይሟል። በ2019 የበረራው መታሰቢያ በዓል ሲከበርም በ98 ዓመታቸው ወደዚያው ቴምፕልሆፍ ተመልሰዋል። ጣቢያው በ2008 ለአይሮፕላን ተዘግቶ ዛሬ የሕዝብ መናፈሻ ሆኗል፤ ልጆች ቀድሞ በሽቦ ታጥሮ በነበረው መንደርደሪያ ላይ ብስክሌት ይነዳሉ።

በሄዱበት ሁሉ በዚያን ጊዜ ልጆች የነበሩ ሰዎች እየመጡ እጃቸውን ይጨብጧቸው ነበር። በ1998 ስድሳ ዓመት የሞላው አንድ የበርሊን ሰው የነገራቸውን ግን ደጋግመው ያነሡት ነበር። ሰውዬው በአሥር ዓመቱ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ ነበር። አይሮፕላኑ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ድንገት ከደመናው ውስጥ አንድ ትንሽ ጃንጥላ ወጣና እግሩ ሥር ወደቀ። ቸኮላቱን እየደበቀ በጥቂት በጥቂቱ ለአንድ ሳምንት በላው። ዋናው ነገር ግን ቸኮላቱ አልነበረም አለ፤ እርሱ በችግር ላይ መሆኑን በሩቅ አገር የሚያውቅ ሰው መኖሩ ነበር። ሰው በቀጭን ራት ሊኖር ይችላል፤ ያለ ተስፋ ግን አይኖርም ሲል አስረዳቸው።

ከመቶ ሺህ አንድ

እህል ከሰማይ መውረዱ ለእኛ ለኢትዮጵያውያንም እንግዳ ነገር አይደለም። የስዊድኑ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በ1970ዎቹ የረኃብ ዘመን በትናንሽ አይሮፕላኖች መንገድ ላልደረሰላቸው ሰዎች የእህል ከረጢት ይጥሉ ነበር፤ ያረፉትም በ1977 በኦጋዴን በጎዴ ነው። በ1985ም፣ በእኛ አቆጣጠር በ1977ቱ ድርቅ፣ የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን የጦር አይሮፕላኖች መኪና በማይገባበት ደጋ ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ እህል ጥለዋል። ከሠላሳ ሰባት ዓመት በፊት እንጀራዋን ከሰማይ የተቀበለች አገር በተራዋ ለሌላው ከሰማይ አወረደች ማለት ነው።

አሁን አንድ ሒሳብ እናስላ። በርሊን ከገባው 2,300,000 ቶን ውስጥ ጣፋጩ 23 ቶን ነው። ይህም ከመቶ ሺህ ኪሎ አንድ ኪሎ መሆኑ ነው። ሕዝቡን ከሞት ያዳነው ዘጠና ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙ ኪሎ፣ ማለት ዱቄቱና ከሰሉ ነው፤ ሀልቮርሰንም ይህን ያውቁ ስለ ነበር የብዙዎቹን አብራሪዎችና የሞቱትን ሰዎች ድካም ለራሳቸው አላደረጉትም። ዱቄቱ ባይኖር ከረሜላው ቀልድ በሆነ ነበር። ነገር ግን ዱቄቱ የመጣው በትእዛዝ ነው፤ ያቺ አንዲት ኪሎ የመጣችው ማንም ሳያዝዝ ነው። የበርሊን ልጆች አርጅተው የልጅ ልጅ ሲያዩ አፋቸውን ሞልተው የሚያወሩት ስለዚህችው ስለ አንዲቱ ኪሎ ነው።

በየጽሕፈት ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ያለን ሰዎች የታዘዝነውን ዱቄት ማመላለስ አይቀርልንም፤ ደመወዛችንም የሚከፈለን ለዚሁ ነው። ነገር ግን ከአጥሩ ባሻገር ቆሞ ምንም ሳይለምን የሚያየን ሰው ያጋጥመን ይሆናል። ማመልከቻው ጠፍቶበት ከደጅ የቆመው ባላገር፣ መጽሐፍ መግዣ ያጣው የክፍል ጓደኛ ከዚህ ዓይነቱ ናቸው። በዚያን ጊዜ ኪሳችንን ብንፈትሽ የሚገኘው ከሁለት ፍሬ ማስቲካ አይበልጥ ይሆናል። ጌይል ሀልቮርሰንም ከዚያ የበለጠ አልነበራቸውም።